ማተቤን የቆረጡት ሴት

ባለፈው እሁድ ጄኔቭ አጠገብ ቬርኒየ ውስጥ የእትዬ አስካለ አርባ ሲወጣ፣ ሰባኪው «ክፉ ቃል ከአፋቸው ያልወጣ የዋህ እናት» አላቸው። የምስር ወጡ ትን አለኝ። እኛ ሰው ሲሞትብን ሁለት ጊዜ ነው የምንቀብረው፤ አንዴ በአፈር፣ አንዴ በሙገሳ።

እኔ የማውቃቸው እትዬ አስካለ ምላሳቸው የሚለበልብ ሴት ነበሩ። ጄኔቭ ፖሊስ ጣቢያ ሴት እስረኞችን እየፈተሹ ያስገቡ ነበር፤ ከአገራችን ሴቶች በዚህ ሥራ ከመጀመሪያዎቹ ናቸው። በዕረፍታቸው ቀን ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን ሴቶች ጋር ሆነው ለተፈቱ እስረኞች ልብስ ያሰባስቡ ነበር።

ያኔ ሃያ ዓመት አልሞላኝም። ዙሪክ ላይ «ኔጋቲቭ» ደርሶኛል፤ ጥገኝነት ተከልክዬ ልመለስ ነው ማለት ነው። ጄኔቭ፣ ካሩዥ ሰፈር ወዳለችው የአክስቴ ልጅ ስሸሽ ፕላንፓሌ የሚባል ፌርማታ ላይ ትራም ውስጥ ያለ ቲኬት ተያዝኩ። ዝናብ ነበር። የጣቢያው ኮሪደር በሳሙናና በእርጥብ ካፖርት ሽታ ታፍኗል።

በደንቡ መሠረት፣ እስረኛ ራሱን እንዳያንቅበት፣ ክር የሚባል ነገር ሁሉ ይወልቃል። የጫማ ማሰሪያዬንና ቀበቶዬን ሰጠሁ። ወጣቷ ፖሊስ መቀስ ይዛ ወደ አንገቴ ስትመጣ ግን ግድግዳው ላይ ተለጥፌ ማተቤን በሁለት እጄ ጨበጥኩና ጮህኩ። እትዬ አስካለ ተጠርተው መጡ።

«አንቺ፣ ምንድን ነው ጩኸቱ?»

«ማተብ አይበጠስም! እርስዎም እኮ አንገትዎ ላይ አለ!»

ጠጋ ብለው አፌን አሸተቱ። «ምን በላሽ?»

«ሳንድዊች።»

«የምን?»

ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

«ሞርታዴላ! የአሳማ ሥጋ! በጾመ ነቢያት፣ ያውም በአርብ ምድር! ወይ ሰማዕት!»

ይስቃሉ ብዬ ጠበቅኩ። አልሳቁም። ዓይን ዓይኔን እያዩ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ይሄን ክር የያዝሽው ለእምነትሽ አይደለም። ምን አስበሻል?»

«ምንም።»

«እይኝ እስቲ። ምን አስበሻል?»

ወደ አገሬ ከመመለስ ሌላው ሁሉ ይሻለኝ ነበር። አላልኩትም፤ እሳቸው ግን ከፊቴ አነበቡት።

«እናቴ ናት ያሰረችልኝ» አልኩ።

«እናትሽ ያሰረችልሽ እንድትኖሪ ነው።»

መቀሱን ከፖሊሷ ተቀበሉ። አማተቡ፤ «ኃጢአቱ በእኔ ይሁን» አሉና ቆረጡት።

«ከሃዲ! የፈረንጅ ሎሌ!»

«ስደቢኝ። እስኪደክምሽ ስደቢኝ፤ የትም አልሄድም።»

ወንበር ጎትተው ከታሰርኩበት ክፍል በር ውጭ ተቀመጡ። ተረኛዋ መጥታ ልትተካቸው ስትል እንኳ አልተነሱም። በኋላ እነዚያ ልብስ ሰብሳቢ ሴቶች ጠበቃ ፈለጉልኝ፤ ጉዳዬ እንደገና ታየና እዚሁ ቀረሁ።

እሁድ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት «በደንብ ታውቂያቸው ነበር?» አለችኝ።

«አንድ ቀን ሙሉ ሰድቤያቸዋለሁ» አልኳት። ወንበሯን ትንሽ ራቅ አደረገች።

ያን ቀን አደርገው ነበር? ከዚያ ወዲህ ጸሐፊ ሆኜ፣ ስለማላውቀው ነገር ሁሉ በእርግጠኝነት እየጻፍኩ ነው የኖርኩት። ይሄን ብቻ አላውቅም። እትዬ አስካለ እንዳውቀው አልፈቀዱልኝም።