ስለ አንድ ወንድም ጸልዩ

የምሠራበት ፕሮጀክት የተዘጋ ዕለት መጀመሪያ ያስጨነቀኝ ልጆቼ ምን ይበላሉ የሚለው ነበር ብዬ ብጽፍ ያምርብኝ ነበር። ያስጨነቀኝ ግን የቤት ኅብረታችን ምን ይለኛል የሚለው ነው። እኔ የጸሎት መሪ ነኝ። በየሳምንቱ ከሰፈራችን ቤቶች በአንዱ ስንሰበሰብ "የጸሎት ርዕስ ያላችሁ?" ብዬ የምጠይቀው፣ ሥራ ያጣውን "ጌታ በር ይከፍታል፣ ታመን ብቻ" እያልኩ የማጽናናው እኔ ነኝ። አሁን ተጽናኙ እኔ ልሆን ነው ማለት ነው። በፍጹም አይሆንም አልኩ።

ባለቤቴን "ለማንም እንዳትናገሪ" ብዬ አስጠነቀቅኳት።

"ለኅብረቱም?" አለችኝ።

"በተለይ ለኅብረቱ።"

ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ጫማዬን ወልውዬ ከቤት እወጣና ሀዋሳ ፒያሳ አንድ ካፌ ተቀምጬ፣ አንዲት ማኪያቶ እስከ ምሳ ሰዓት አስታምማለሁ። የሚያውቀኝ ሰው በበሩ ካለፈ ስልኬን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ "ሪፖርቱን ቶሎ ላኩልኝ እንጂ!" እላለሁ። ስልኩ ውስጥ ማንም የለም። አንድ ቀን እንዲያውም እንዲህ እየተቆጣሁ ስልኩ ጆሮዬ ላይ ጮኸ።

የእግዚአብሔርን ነገርማ ባላነሳው ይሻላል። ተኳርፈን ነበር፤ ማለቴ እኔ አኩርፌ ነበር። እንዲህ ያገለገልኩ ሰው እንዴት እንዲህ ይደረግብኛል ብዬ። ኅብረት ላይ ድምፄ ጣሪያ ይነካል፣ ቤቴ ውስጥ ግን አንዲት ቃል አልጸልይም። ከባለቤቴም ጋር ወሬያችን "ጨው ጨምሪ" እና "በሩን ዝጊ" ላይ አለቀ። እራት ቀርቦ "ጸልይልን" ስትለኝ "አንቺ ጸልዪ" እላታለሁ።

ኩርፊያው እንዳለ ሆኖ ግን ሰው ሲጨንቀው ጸሎት ያምረዋል። ስለዚህ አንድ ቀን ኅብረት ላይ ዘዴ መጣልኝ። ማንም ሳይቀድመኝ "በቅርብ የማውቀው አንድ ወንድም አለ" አልኩ፤ "መሥሪያ ቤቱ ተዘግቶበት በጣም ተጨንቋል።" እኛ ዘንድ እንዲህ ማለት የተለመደ ነው፤ ስም አይጠራም፣ ጌታ ያውቀዋል ይባላል። በዚያ ሰሞን ሀዋሳ ውስጥ ፕሮጀክት የተዘጋበት ሰው ብዙ ስለነበር ማንም አልጠረጠረኝም። በስንት እንባ ጸለዩለት! እኔም አብሬ ጸለይኩለት። እውነቴን ነው፣ አንጀቴን በላው።

ችግሩ የእኛ ኅብረት ጸልዮ ዝም የሚል አለመሆኑ ነው። በሳምንቱ "ያ ወንድም እንዴት ሆነ?" አሉኝ። "ልጆች አሉት? ለምን ሄደን አንጠይቀውም?" "ዓይናፋር ነው" አልኩ። ሁላችንም እማማ የምንላቸው የሲዳማ እናት ደግሞ ቆጮና ከጓሯቸው የለቀሙትን አቮካዶ በፌስታል ቋጥረው "ለዚያ ወንድም አድርስልኝ" ብለው ሰጡኝ። አደረስኩ። ያ ወንድም ቆጮውን በዓሳ ጥርግ አድርጎ በላው። በሳምንቱ "ምን አለ?" ሲሉኝ "እግዚአብሔር ይስጥልኝ ብሏል፣ እማማ" አልኳቸው። አጠገቤ የተቀመጠችው ባለቤቴ ቀና ብላ አላየችኝም።

እንዲህ እያልን ወራት ከገፋን በኋላ አንድ ቀን እማማ ራሳቸው ርዕስ ይዘው መጡ።

"ከሴቶች ጸሎት የመጣ ነው" አሉ። "አንዲት እህት አለች። ባሏ ችግር አገኘው። ችግሩን እችላለሁ አለች። እሱ ግን ዝም አላት። ማዕድ ላይ 'ጸልይልን' ስትለው 'አንቺ ጸልዪ' ይላታል። ቤት አለ፣ ግን የለም። 'ብቻዬን ቀረሁ' ብላ አለቀሰች።"

ተናደድኩ። ይህን ስጽፍ ፊቴ ይግላል፣ ግን ከልቤ ነው የተናደድኩት፤ ምን ዓይነት ወንድ ነው ብዬ! ብድግ ብዬ ቆምኩ። ስንጸልይ ሁሉም በአንድ ላይ ድምፁን ያወጣል፤ የእኔ ግን ከሁሉም በልጦ ይሰማ ነበር። "ጌታ ሆይ፣ ይህን ልበ ደንዳና ሰው ስበረው! ትዕቢቱን አዋርደው! ሚስቱ ጸልይልን ስትለው 'አንቺ ጸልዪ' የሚል አፉን..."

ቃሉ አፌ ውስጥ ቀረ። "አንቺ ጸልዪ"ን ያልኩበት ቃና ትናንት ማታ እራት ላይ ያልኩበት ቃና ነው። አጠገቤ ባለቤቴ እያለቀሰች "አሜን፣ አሜን" ትላለች። ለእኔ መሰበር እንደዚያ ከልቧ አሜን ስትል ሰምቼ አላውቅም።

መሪው ሲያቋርጥ ሌሎቹም አንድ በአንድ ዓይናቸውን ገለጡ።

"ምነው ልጄ?" አሉ እማማ።

"ሰውየው እኔ ነኝ።"

"ያኛውስ ወንድም?" አሉኝ እማማ።

"እሱም እኔ ነኝ፣ እማማ።"

አንዱ ሳቁን በሳል ሊያሳልፍ ሞክሮ አልሆነለትም። ቤቱ ሙሉ ሳቀ፤ ባለቤቴም እንባዋን ሳትጠርግ ሳቀች። ሳቋ እንዴት እንደናፈቀኝ ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ እየተመኘሁ ቆሜያለሁ፤ እማማ ክንዴን ይዘው መሀል ላይ አስቀመጡኝ።

"ጸሎቱን ልምራው?" አልኩ።

"አንተ ዝም በል። ዛሬ የእኛ ተራ ነው።"

ከበው እጃቸውን ጫኑብኝና ስሜን እየጠሩ ጸለዩ። ሥራ ይስጠው አሉ፣ በር ይከፈትለት አሉ፣ ልጆቹን ይጠብቅለት አሉ። በመጨረሻ ባለቤቴ ጀመረች። ስለ ሥራ ምንም አላነሳችም። "ጌታ ሆይ፣ ባሌን መልስልኝ" ስትል፣ የምትጨምረው እንዳለ እንኳ ሳልጠብቅ አሜን አልኩ።