አባቴን ባንድ ዓይን የሳልኩ ጊዜ

ሥዕሉን ያሳየኋቸው ለገበያ ወደምኖርበት መሐል ሜዳ ከተማ የመጡ ቀን ነው። አባቴ በተከራየሁት ቤት በር ላይ ቆመው አዩት፤ ጠጋ አሉ፣ ራቅ አሉ። ከዚያ «ከሰይጣን ተራ አስቆጠርከኝ?» ብለው የቀረበላቸውን ምሳ ሳይነኩ ወጡ። በእኛ አገር የቀረበ ምሳ ትቶ መውጣት ቀላል ነገር አይደለም። እስከ ሚኒባሱ ተከትያቸው ሮጥኩ፤ ዘወር ብለው እንኳ አላዩኝም።

እኔ ሰዓሊ ነኝ ማለት ያሳፍረኛል። ቀን ቢሮ እውላለሁ፤ በተረፈኝ ሰዓት እስላለሁ። አርፎ መቀመጥ የሚባል ነገር አልተፈጠረልኝም። አንዱን ሳልጨርስ ሌላውን እጀምራለሁ፤ ቀለም ከደብረ ብርሃን እስኪመጣልኝ በከሰል ግድግዳ አበላሻለሁ፣ አከራዬ ሲቆጡ በኖራ አጠፋለሁ። ይህን አመል ያስያዙኝ የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። የደብራችንን ግድግዳ የሳሉት እሳቸው ነበሩ። ዓይን የሚስሉት ጾመው ብቻ ነበር፤ እህል የቀመሱ ቀን ልብስና ፈረስ ሲስሉ ይውሉ ነበር። ጻድቅ ፊቱን ወደኛ አዙሮ በሁለት ዓይኑ ያየናል፤ ሰይጣንና ከሓዲ ግን በጎን፣ ባንድ ዓይን ነው የሚሳሉት። ይህን ከእሳቸው የተማርኩት ፊደል ሳልቆጥር ነው።

ታዲያ ምን ነካኝ? በስልኬ የውጭ ሰዓሊዎችን ሥራ ስጎረጉር በጎን የተሳሉ አንድ ሽማግሌ አይቼ ልቤ ተሰረቀ። እውነቱ ግን እሱ ብቻ አይደለም። አባቴ በወጣትነታቸው አውድማ ላይ እብቅ ገብቶባቸው ግራ ዓይናቸው ጠፍቷል። ሰው እንዳያየው ብዬ በደህናው በኩል ሳልኳቸው። ደግ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

እሳቸው ከሄዱ በኋላ ፊት ለፊት ልስላቸው ሞከርኩ። ቀኙ ወጣልኝ፤ ግራው እንቢ አለ። ብዘጋው የተኙ መሰሉ። ጥላ ብጥልበት የተደበደቡ መሰሉ። ደህና አድርጌ ብስለው የሌላ ሰው አባት ሆኑ። ብሩሹን ወረወርኩ፣ መልሼ አነሣሁ፣ እጄ ቀለም እንደነካው ቢሮ ገባሁ። የባሰብኝ ግን የዓይኑን መልክ አለማወቄ ነው። ልጅ ሆኜ አብሬያቸው ስሄድ ሁልጊዜ በቀኛቸው በኩል ነበርኩ፤ እናቴም እንደዚያው። ያን ዓይን አንድ ቀን እንኳ ትክ ብዬ አላየሁትም። በሚቀጥለውም ገበያ ቀሩ። እንደተቀያየምን አንድ ነገር ቢሆኑስ? ይህ ሐሳብ መቆሚያ መቀመጫ አሳጣኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጣውላዬንና ቀለሜን ይዤ ወደ አባቴ አገር ወደ ቀየት ወረድኩ። አባቴ ደጅ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ።

«ይቅር ይበሉኝ አባባ። ዓይንዎን ልሸሽግልዎ ብዬ ነው።»

«ማን ሸሽግልኝ አለህ? ሰርቄ ያመጣሁት መሰለህ?»

ጣውላዬን ከብብቴ አውርጄ ግድግዳው ሥር አስደገፍኩ።

«ወንድሜም ነፍሱን ይማረውና እንዳንተው ነው። ከጻድቃኑ መሐል አንዱን በኔ መልክ ሳለው፤ ሁለት የጥጃ ዓይን አድርጎለት። ሰዉ ሁሉ አንተን ነው የሳለው ይለኛል። እኔ ግን በተሳለምኩ ቁጥር ይሄ ሰውዬ ማነው እላለሁ። አንዱ ይጨምርልኛል፣ አንዱ ይቀንስልኛል። እናንተ ሰዓሊዎች ያለውን ማየት ምን ይቸግራችኋል?»

ሳቄ መጣ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። ፊታቸውን ወደ ፀሐዩ አዙረው ተቀመጡና ሁለቱንም ዓይናቸውን ከፈቱልኝ።

«በል እይ።»

አየሁ። ለካ ነጭ አይደለም! ያን ሁሉ ቀን በነጭ ቀለም ስታገል የከረምኩት በከንቱ ነው። ሰማያዊ ጠብ ያለበት አጓት ይመስላል፤ ጠርዙ ላይ ቀጭን ቡናማ ክር አለው። የጀመርኩትን ጠርጌ እንደገና ጀመርኩ። ዓይናቸው ያነባል፤ በጋቢያቸው ጫፍ ይጠርጉታል፣ መልሰው ይከፍቱታል። «ይረፉ እንጂ አባባ» ብላቸው «ጨርስ» አሉኝ። ወደድኳቸው፤ ፈራኋቸውም።

ሳበቃ ቀለሙ ሳይደርቅ በጫፉ ይዘው አዩት። ብዙ ቆዩ።

«አፍንጫዬን አተልቀኸዋል» አሉ።

«አስተካክለዋለሁ።»

«ተወው። ለቅሶዬ ላይ የምታወጡት ይቺን ነው።»

«ኧረ አባባ፣ ምነው የሞት ነገር ያነሣሉ!»

«ዝም በል። የሚያለቅስ ሰው ለማን እንደሚያለቅስ ይወቅ።»