ደወሉ የተደወለላቸው ሰርቨሮች

ችግሩ ይህ ነበር፦ የአውቶቡስና የሲኒማ ትኬት በኢንተርኔት በሚሸጥ አንድ ድርጅት ውስጥ፣ ገበያው በሚደራበት ሰዓት፣ ደንበኞቹን ከሚያስተናግዱት ኮምፒውተሮች፣ ከሰርቨሮቹ፣ አንዱ ድርቅ ይላል። ሁልጊዜ ያው አንድ ሰርቨር ቢሆን ኖሮ አውጥቶ መጣል ነበር። ግን ዛሬ ይሄኛው ነው፣ በሌላ ሳምንት ያኛው። ሥራ በቀዘቀዘበት ሰዓት ደግሞ አንዱም ወድቆ አያውቅም። ያለ ሳል፣ ያለ ትኩሳት፣ ቀጥ ብሎ ይቀራል።

እዚህ ላይ ትንሽ ላብራራ፤ ነገሩ ደስ የሚል ነው። ኮምፒውተር ላይ ከሚሠሩት ፕሮግራሞች ሁሉ በታች አንድ አስተዳዳሪ አለ፤ ከርነል ይባላል። ሚሞሪውን የሚያከፋፍለው፣ ተራ የሚያስይዘው፣ ከውጭ የሚመጣውን ደንበኛ የሚቀበለው እሱ ነው። ተራ ፕሮግራም ሲሞት ከርነሉ ይቀብረዋል፤ ያሟሟቱንም ሁኔታ ዲስክ ላይ ይጽፋል። ከርነሉ ራሱ ሲሞት ግን ቀባሪ የለም። ስክሪኑ ላይ ጥቂት መስመር ተንፍሶ ያርፋል።

ይህን ሞት ልመርምር ብላ የተነሳችው የሰርቨር ክፍሉ ባለሙያ ናት። ባልደረቦቿ "እሜቴ ለምን" ይሏታል። የሕንፃው ሊፍት ሲቆም ሰው ሁሉ ደረጃውን ይወጣል፤ እሷ ግን ቆማ ለምን እንደቆመ ትጠይቃለች። አንድ ጊዜ የታላቅ እህቷ የፀጉር ማድረቂያ ለምን እንደሚያጉረመርም ለማወቅ ፈታታዋለች። ማጉረምረሙን ተወ፤ ማሞቁንም አብሮ ተወ። የፀጉር ሥራ ቤት ያላት እህቷ ይህን እስከ ዛሬ ለደንበኞቿ ትነግራለች።

እሜቴ ለምን መልሷን እንዳታገኝ ያደረጋት ግን ከርነሉ ብቻ አልነበረም። ከእሷ በኋላ የተቀጠረ፣ ረጅም እግር ያለው አንድ ባልደረባ ነበር፤ ቅጽል ስሙ "ነፍስ አድን" ነው። የማስጠንቀቂያው ድምፅ ሲጮህ እሷ ከወንበሯ ሳትነሳ እሱ ሰርቨር ክፍል ገብቶ የማብሪያውን ቁልፍ ተጭኖ ጨርሷል። አለቃቸው ደግሞ ለሠራተኛ ሞራል ብለው በሩ አጠገብ የብስክሌት ደወል አስገጥመዋል፤ የወደቀ ሰርቨር ያስነሳ ሰው ይደውላል። ደወሉ ሲያቃጭል ከግድግዳው ማዶ ያሉት የሽያጭ ሠራተኞች ያጨበጭባሉ።

ያ ጭብጨባ አንጀቷን ያሳርራት ነበር። ነፍስ አድን ደወሉን በአውራ ጣቱ ነክቶ፣ ምንም እንዳልሠራ ሰው ፀጉሩን ወደ ኋላ መለስ እያደረገ ሲወጣ፣ እሷ ዓይኗን ከስክሪኗ አትነቅልም፤ ግን ስክሪኑ ላይ ያለውን አንዲት ፊደል አታነብም። ከሽያጭ ሠራተኞቹ አንዷ ልጅ አንድ ቀን "እሱ ባይኖር ምን ይውጠን ነበር?" ብላ ጠየቀቻት። እሜቴ ለምን ፈገግ አለች። ፈገግታው እስከ ማታ መንጋጋዋን አመማት።

የምትናደደው ያለ ምክንያት አልነበረም። የሞተ ማሽን ሚሞሪው ውስጥ የመጨረሻዋን ቅጽበት እንዳለች ይዞ ይቆያል። ትንሽ ቢታገሡት፣ ለዚሁ ተብሎ ጎን የተቀመጠ ትንሽ ተጠባባቂ ከርነል ተነስቶ ያንን ሁሉ ዲስክ ላይ ይገለብጠዋል፤ እሱን አንብቦ ገዳዩን መያዝ ይቻላል። ሚሞሪው ትልቅ ስለሆነ ግልበጣው ጊዜ ይፈልጋል። በመሃል ማብሪያው ከተጫነ ግን አለቀ፣ ሬሳውም ምስክሩም አብረው ጠፉ። ደወሉ በተደወለ ቁጥር የሚጨበጨበው ማስረጃው ለጠፋበት ሰዓት ነበር።

ይህንን ለአለቃ ነገረቻቸው። ደንበኛ በር ላይ ቆሞ ሬሳ እንጠብቅ ወይ ብለው ሳቁ። ለነፍስ አድንም ነገረችው፤ እሱ ግን ቅናት ነው ብሎ ለሌሎች ማውራቱን ሰማች። ማታ ለእህቷ ይህንን ስታወራ፣ እህቷ የአንዲት ደንበኛ ፀጉር እየጠቀለለች በመስታወቱ ውስጥ አየቻት።

"ቅናት አይደለም እንዴ?" አለቻት።

"ልክ ነኝ እኮ።"

"ልክ መሆን መቅናት ይከለክላል ያለሽ ማን ነው?"

በዚያው ሰሞን አለቃ የክፍሉን ኃላፊ ሊሾሙ እንደሆነ፣ ወንበሩም ይህን በሽታ ለነቀለው ሰው እንደሚሰጥ ተናገሩ። እሜቴ ለምን ከማንም በላይ ዓመታት ቆጥራለች፤ ያ ወንበር የነፍስ አድን ከሆነ ደግሞ ከእንግዲህ ፈቃድ የምትጠይቀው እሱን ነው። ይህን ስታስበው ምግብ አልወርድ ይላታል።

ስለዚህ ሥራዋን በሥርዓት ጀመረች። ከርነሉ ተጠቅሞ የሚጥለውን ሚሞሪ ሁሉ አንድ ዓይነት ምልክት እየደጋገመ እንዲሞላበት ሰርቨሮቹን አዘዘች። የፈረሰ ቤት ላይ ቀይ ቀለም እንደመቀባት ነው፤ ከዚያ በኋላ ሰው እንዳለበት ቆጥሮ የሚገባ ካለ ቀለሙ ልብሱ ላይ ይቀራል። ይህ ብልህ ሥራ ነበር። ቀጥላ ግን ያደረገችው ብዙም ብልህ አልነበረም፤ የነፍስ አድንን ሥራ መበርበር ጀመረች። ሌሎች ሊሆኑ የሚችሉ ምክንያቶችን ዘላ፣ እሱ የነካውን ብቻ ለሳምንታት ፈተሸች። አገኘችም። እሱ ዝም ብለው የሚቀመጡ ደንበኞች ግንኙነት ቶሎ እንዲቋረጥ የጊዜ ገደቡን አሳጥሮት ነበር፤ ሰርቨሮቹም ከዚያ ወዲህ በብዛት ይወድቃሉ። ደስታዋ ልክ አልነበረውም። ወረቀቱን ይዛ አለቃ ቢሮ ስትገባ ልትጨፍር ምንም አልቀራትም።

የጊዜ ገደቡ ወደ ቀድሞው ተመለሰ። ደወሉ ዝም አለ። ነፍስ አድን አንገቱን ደፍቶ ሲያልፍ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ምሳዋን ጨርሳ በላች።

ከዚያ ገበያ በደራበት አንድ ከሰዓት፣ አንዱ ሰርቨር ወደቀ። ነፍስ አድን ሮጠ። ደወሉ ከወትሮው ረዘም ብሎ አቃጨለ፤ ጭብጨባውም እንደዚያው።

ፊቷን ልትታጠብ ወጣች። ስትመለስ ነፍስ አድን ኮሪደሩ ላይ በስልኩ እያወራ ነበር። እናቱን ነው የሚያወራው፤ "እማዬ፣ ፎቶው ደረሰሽ? ዛሬም አንዱን ከሞት አስነሳሁልሽ" ይላል። እሜቴ ለምን አጠገቡ ቆመች። ስልኩን እስኪዘጋ ጠበቀች።

"የምን ፎቶ ነው?"

አፈረ። እናቱ ሥራውን ስለማታውቅ፣ ማሽን በሞተ ቁጥር ከማስነሳቱ በፊት ስክሪኑን ፎቶ እያነሳ ይልክላታል። አዳኝ ከገደለው አውሬ ጋር እንደሚነሳው ማለት ነው። እናቱም ከመጀመሪያው ጀምሮ አንዱንም አላጠፋችም።

"ይህን ሁሉ ጊዜ ለምን አልነገርከኝም?" አለችው።

"ጥፋቴን እንጂ ሌላ ነገር ጠይቀሽኝ አታውቂም።"

ኩራቷን ውጣ ስልኩን እንዲሰጣት ጠየቀችው።

ፎቶዎቹ አንዳንዶቹ የተንጋደዱ፣ አንዳንዶቹ የእሱ ጣት ያረፈባቸው ነበሩ። ግን መስመሮቹ ይነበባሉ። ሁሉም ላይ ያው አንድ የከርነል ክፍል ተጠርቷል፤ የደንበኛን ግንኙነት የሚዘጋው ክፍል። ምልክቱን ካስሞላች በኋላ በተነሱት ላይ ደግሞ ያ የሷ ምልክት ተደርድሮ ቆሟል። ከርነሉ የፈረሰ ቤት ገብቷል፤ ቀለሙ ልብሱ ላይ አለ።

አሟሟቱ እንዲህ ነው። ሰርቨር ውስጥ ትእዛዝ የሚፈጽሙ ብዙ ፕሮሰሰሮች ጎን ለጎን ይሠራሉ። አንዱ ዝም ያለውን ደንበኛ ጊዜህ አልቋል ብሎ ግንኙነቱን ይዘጋና ሚሞሪውን ይጥላል። በዚያችው ቅጽበት ደንበኛው ድንገት ይናገራል፤ ሌላው ፕሮሰሰር መልእክቱን ተቀብሎ ወደዚያው ሚሞሪ ይሄዳል። ወንበር ላይ ልቀመጥ ስትል ከኋላህ ሌላ ሰው እንደሚስብብህ ነው። አጋጣሚው ጠባብ ስለሆነ የሚሆነው ደንበኛ እንደ አሸዋ ሲበዛ ብቻ ነው። የነፍስ አድን የጊዜ ገደብ ወንበሩ የሚሳብበትን ጊዜ አብዝቶታል እንጂ፣ ወንበሩን መሳብ ያስተማረው እሱ አይደለም። ስህተቱ ከድሮም ከርነሉ ውስጥ ነበር።

አለቃ ሁለቱንም አስጠሩና ማን እንዳገኘው ጠየቁ። አንዲት ቃል ትበቃት ነበር፤ "እኔ" ማለት። አፏ ድረስ መጥታ ነበር።

"ፎቶዎቹ የእሱ ናቸው። ያነበብኳቸው እኔ ነኝ" አለች። እያንዳንዱን ቃል እንደ ጥርስ ነቀለችው።

አለቃ አሰብ አደረጉና፣ ፎቶ አንብቦ ማውራት ሁሉም ይችላል አሉ። ማሽኑ በትእዛዛችሁ ይሙት፣ ስታስተካክሉት ደግሞ አልሞትም ይበል፤ የወንበሩን ነገር ያኔ እንነጋገራለን ብለው አሰናበቷቸው። ለእህቷ ስትነግራት እህቷ በሳቅ ፈረሰች፤ "ምቀኛ አታሳጣኝ ይሉሻል ይሄ ነው" አለቻት።

አሁን ሁለቱ ዕቃ ክፍሉ ውስጥ አንድ አሮጌ ሰርቨር ፊት ተቀምጠው ሊገድሉት እየሞከሩ ነው። እሱ የሐሰት ደንበኞችን እንደ ጎርፍ የሚለቅ ፕሮግራም ጽፏል፤ እሷ ከምትጽፍበት ፍጥነት በእጥፍ ነው የጻፈው፣ ይህም ያበሳጫታል። እሷ ደግሞ የጊዜ ገደቡን በጥቂት በጥቂቱ እያንቀሳቀሰች፣ መዝጊያው ከደንበኛው የመጨረሻ ቃል ጋር እንዲገጣጠም ታደርጋለች። ማሽኑ ቋ፣ ቋ እያለ ይሠራል። መሞት ሲያስፈልገው ጤነኛ ሆኗል።

"ሲወድቅ እጄን የት ላድርገው?" አላት ነፍስ አድን።

"ኪስህ ውስጥ።"

ገደቡን አሁንም በትንሹ ዝቅ አድርጋ ደንበኞቹን እንዲለቃቸው ነገረችው። የብስክሌት ደወሉን ከበሩ ፈትተው ጠረጴዛቸው መሃል አስቀምጠውታል። ማሽኑ ሲሞት ማን እንደሚደውለው ገና አልተስማሙም።