ቀን ያልታተመበት ቲሸርት

ከትናንት ወዲያ ጠዋት... ኦክላንድ ኤርፖርት ሰው አድርሼ ስመለስ ብርሃኑ ኮል አደረገልኝ። ብርሃኑ እዚያው ኦክላንድ ቲሸርት የሚያትም የድሮ ጓደኛዬ ነው። የማኅበር፣ የኳስ ቡድን፣ የለቅሶ... የመጣለትን ሁሉ ያትማል። ሱቁ ስለጠበበው ሁለት ካርቶን ጋራዥህ አስቀምጥልኝ አለኝ። ሳን ሆዜ ጋራዥ ያለው ቤት ስላለኝ የጓደኞቼ ሁሉ መጋዘን ሆኛለሁ፣ ለምጄዋለሁ።

ካርቶኖቹን ስንጭን ወሬ አነሳሁ። በዋዜማው አንድ ሰው የአሜሪካው ፕሬዚዳንት መኖሪያ ላይ ተኩሶ ነበር። ፕሬዚዳንቱ ቤት አልነበረም፣ ማንም አልተጎዳም። ተመስገን ነው ስለው አዎ ተመስገን አለኝ... ፊቱ ግን የከሰረ ሰው ፊት ነበር። እንቅልፍ አጥቶ ነው ብዬ አለፍኩት።

እናቴ አብራኝ ነው የምትኖረው። ይህን ፕሬዚዳንት ከተመረጠ ጀምሮ ልጇ አድርጋዋለች። ጠዋት ስትጸልይ ስሙን የምትጠራው ከእኔ በፊት ነው። አንድ ቀን ቅር ብሎኝ ብጠይቃት «የእሱ ጠላት ብዙ ነው፤ አንተን ማን ይፈልግሃል?» ብላኛለች።

ካርቶኖቹን ጋራዥ አስቀምጬ ወደ ሥራ ሄድኩ፤ ከሰዓት በኋላ ስመለስ ጋራዡ ክፍት ነው። እናቴ ብርድ ልብስ ፍለጋ ገብታ አንዱን ካርቶን ከፍታዋለች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ታለቅሳለች... ጭኗ ላይ ጥቁር ቲሸርት። የፕሬዚዳንቱ ፎቶ፣ ከጎኑ የበራ ሻማ፣ ከሥሩ በእንግሊዝኛም በአማርኛም «ነፍስ ይማር»።

«መርዶዬን ደበቅከኝ?» አለችኝ።

በሕይወት አለ ብዬ ማልኩላት።

«አባትህም የሞተ ቀን ትንሽ አሞት ነው፣ ደህና ነው ነበር ያላችሁኝ።»

ቲቪ ከፈትኩላት። ፕሬዚዳንቱ ቆሞ እየሳቀ ያወራል። የድሮ ነው ብላ እጇን አወናጨፈችብኝ። ጣቢያ እየቀያየርኩ ቆየሁ... የትኛውም ጣቢያ ላይ የሚያለቅስ ሰው ስታጣ ነው ያመነችኝ።

ወዲያው ብርሃኑ ጋ ደወልኩ፣ እናቴም እንድትሰማ ስፒከር ላይ አደረግኩት። ምንም አላፈረም። ተኩሱን በሬዲዮ በግማሽ ሰምቶ፣ በቃ ሞቷል ብሎ፣ ሌላ ሰው ሳይቀድመው ሲያትም ነው ያደረው። እናቴ መሬት ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ አገኘኋት አልኩት። ይሄ እንኳ ይገባዋል ብዬ ነበር።

«እንዳትጥልብኝ ብቻ» አለኝ። «ደግነቱ ቀን አላተምኩበትም። ይቀመጥ... ይደርሳል።»

ይደርሳል አለ። በሕይወት ያለ ሰው፣ የሁለት ልጆች አባት... ይደርሳል። እውነቴን ነው፣ የተኮሰው ሰው እንኳ እንዲህ አልቀፈፈኝም። እሱስ አብዶ ይሆናል። ይሄ ግን ስንት ዓመት አንድ ትሪ ላይ አብሬው የበላሁት ጤነኛ ነው። ያን እጅ አሁን ሳስበው እንኳ ያስጠላኛል።

ካርቶኖቹን ያኔውኑ መልሼ ወስጄ ሱቁ በር ላይ ጣልኳቸው። ከዚያ ወዲህ ሲደውልልኝ አላነሳሁለትም።

ዛሬ ጠዋት እናቴ ስትጸልይ ሰማኋት። እንደተለመደው የፕሬዚዳንቱን ስም አስቀደመችና ትንሽ አሰበች...

«ከሚተኩስበትም፣ ከሚያትምበትም ሰውረው» አለች።

አሜን ያልኩት ከእሷ ቀድሜ ነው።