በሟች ወረቀት

ሽማግሌው ወደ መዝገብ ቤቱ የሚገባው ለቅሶ ቤት እንደሚገባ ሰው ነው፤ ባርኔጣውን አውልቆ፣ ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ያንኑ ነው፣ ልጄ» ይላል።

ሠራተኛዋም የሞት መዝገቡን ታወጣለታለች። መስመሩን በጣቱ ሲከተል የገዛ ስሙ ከነአባቱ ስም ይመጣል፤ ከጎኑ «በሁለት ዓመቱ አረፈ» ይላል። ሟቹ ታላቅ ወንድሙ ነው። ሽማግሌው ወንድሙ በሞተ በዓመቱ ሲወለድ እናቱ የሟቹን ስም ከነልደት ወረቀቱ አወረሰችው፤ የተማረውም፣ ያገባውም፣ ጡረታ የወጣውም በዚያው ወረቀት ነው። የእሱ ልደት የተጻፈበት ገጽ የለም።

ሲጨርስ ጣቱን ስሙ ላይ ያሳርፍና «አፈሩ ይቅለልህ፣ ጋሼ» ይለዋል፤ ጸጉሩ የሸበተ ሰው የሁለት ዓመቱን ሕፃን።

ዛሬ ሠራተኛዋ አዲስ የባለጉዳይ ቅጽ ስትሞላለት «ዕድሜዎ ስንት ነው፣ አባባ?» አለችው።

ሽማግሌው ባርኔጣውን በእጁ አሽከረከረ።

«የማንኛችን?» አላት።