ሰው የማይጭን ሞተር

ባሌ የወደቀው ቢታ ገነት ከምትባል የገጠር ከተማ ሲመለስ ነው። የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነበር፤ በመሥሪያ ቤቱ ሞተር ለየቀበሌው የከብት ክትባት ያደርሳል። ዝናብ የመታው ቁልቁለት ላይ ጎማው ከዳውና ሞተሩ ቀኝ ጉልበቱ ላይ ተኛበት። ጅማ ወስደን ቀዶ ጥገና ተደረገለት። ነፍሱ ተረፈች፣ እግሩም ተረፈ፣ ጉልበቱ ግን ከዚያ ወዲያ አልታጠፍ አለ። ሐኪሙ "መሄድ ትሄዳለህ፣ ሞተሩን ግን እርሳው" ብሎ አሰናበተን።

እኔ የወሎ ልጅ ነኝ። በአስተማሪነት ቦንጋ ስመደብ ዓመት ሳይሞላኝ ዝውውር እጠይቃለሁ ብዬ ነበር፤ ዝናቡና ጭቃው አንገፍግፎኝ ነበር። እሱን አገኘሁና የዝውውሩ ነገር በዚያው ቀረ። ያገባሁት ሰው ደግሞ ቤት መዋል የማያውቅ ሰው ነው። መንገድ ሲወጣ ከኋላው ሰው ሳይኖር አይቼው አላውቅም። ወደ ደካ መንደር ገበያ ስትሄድ የረፈደባት ሴት፣ የማር ቅል ያቀፈ ሽማግሌ፣ ወደ ጤና ጣቢያ የምትሄድ ነፍሰ ጡር፣ ማን ያልተፈናጠጠው አለ? እዚህ አገር እጁን ላነሳ መንገደኛ ሳይቆሙ ማለፍ ነውር ነው። መሥሪያ ቤቱ በመንግሥት ሞተር ሰው መጫን ክልክል ነው ይላል። የሚከለክለው ኃላፊ ራሱ ግን መኪና ሲያጣ የሚሄደው ከባሌ ኋላ ተፈናጥጦ ነበር።

ከወደቀ በኋላ የግቢያችንን በር አልፎ መውጣት ተወ። ሊጠይቀው ያልመጣ የለም። "አይዞህ፣ እግዜር ያውቃል" ባሉት ቁጥር ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ክራንቹን ይዞ እስከ ጓሮ ይሄድና ይመለሳል፤ በመንገዱ የሰው ኮቴ ከሰማ ደግሞ ፈጥኖ ቤት ይገባል። ቤተ ክርስቲያን እንሂድ ስለው "አንቺ ሂጂ" ነው መልሱ። በሰው ፊት እያነከሰ መታየቱን ነው የፈራው። ባሌ አጠገቤ እያለ ናፈቀኝ። ይህን ለማን ይነግሩታል? ለማንም አልነገርኩም።

አንድ ቅዳሜ ከገበያው በላይ ካለው ፊልም ማከራያ ገባሁና "ሞተር ያለበት ፊልም አለህ?" አልኩት ባለቤቱን። እኔ ያሰብኩት ፖሊስና ሌባ የሚባረሩበትን ነበር። እሱ ሁለት ፈረንጆች በሞተር ዓለምን የሚዞሩበትን ዲቪዲ አወጣልኝ።

"ተኩስ የለውም?" አልኩት።

"የለውም። ዝም ብለው ይሄዳሉ" አለኝ።

እንደዚህ ያለ ፊልም መኖሩንም አላውቅም። ሌላ ስላልነበረው ተከራይቼው መጣሁ።

ባሌ አላይም ብሎ ጀርባውን ሰጥቶኝ ተኛ። የሞተሮቹ ድምፅ ሲሰማ ግን መጀመሪያ ጭንቅላቱ፣ ቀጥሎ ትከሻው ዞረ። ሞተሮቹ ጊደር ያክላሉ። በግራና በቀኝ የብረት ሳጥን፣ ከኋላ ወንበሩ ላይ ድንኳንና ሻንጣ ታስሮባቸዋል፤ ከፊት ደግሞ መንገድ የሚያሳይ ስክሪን አላቸው። በአንዱ ሞተር ዋጋ የእኛም የጎረቤቶቻችንም ቤት ይገዛል ብሎኛል አከራዩ። ያም ሆኖ መለዋወጫና መካኒክ የጫነ መኪና ከኋላ ይከተላቸዋል።

"መኪና ካላቸው በሞተር ማን ተንከራተቱ አላቸው?" አለ ባሌ።

ማንም ሳይጠይቀው በራሱ ወሬ ሲጀምር ከስንት ጊዜ በኋላ መሆኑ ነው። የቴሌቪዥኑን ድምፅ ጨመርኩለት።

የፊልሙ ነገር በዚሁ የቅዳሜ ከሰዓት ልማዳችን ሆነ። ከአንዱ ቀጥሎ ሌላ ክፍል አለው፤ መንገዳቸው አያልቅም። ባልቴቷ ጎረቤታችን ድምፁን ሰምተው መጡና እሳቸውም ተመልካች ሆኑ። እሳቸው የካፋ ሰው ናቸው፤ አማርኛ የሚናገሩት ለእኔ ብለው ነው። ፈረንጆቹ አንድ መንደር ዳር ድንኳን ሲተክሉ ሲያዩ ተቆጡ።

"ይሄ አገር ሰው የለም እንዴ? እንግዳ ውጭ ያድራል?"

ባሌ በቋንቋቸው በካፊኖኖ አስረዳቸው። ወደው ነው፣ ውጭ ማደር ደስ ይላቸዋል ማለቱ ነው። እማማ አልተዋጠላቸውም። ፊልሙ እስኪያልቅ ድረስ የዚያን መንደር ሰዎች ይረግሙ ነበር።

ሌላ ቅዳሜ አንደኛው ሞተር በረሃ መሃል ቀጥ አለ። ብልሽቱ የኮምፒውተር ነው አሉ፤ ጥገናውን የሚያውቅ ሰው ከሩቅ አገር እስኪመክራቸው ቆመው ስልክ ይደውላሉ። ባሌ ከአልጋው ተነስቶ ተቀመጠ። "ካንዴላውን ፈትተህ አታየውም?" ብሎ ቴሌቪዥኑን ተቆጣው። ቀጥሎ ጭቃ ውስጥ ገቡ። አንዱ ወደቀ፤ ሊያነሳው የመጣው ሁለተኛው ላዩ ላይ ወደቀ። ያንን ጊደር ለማንሳት ከመኪናው ሰው ወርዶ ሲጎትት ካሜራ የያዘውም አንሸራተተው። ባሌ ሳቀ። እስኪያስለው፣ እንባው እስኪወርድ ሳቀ፤ እማማም አብረውት ሳቁ። እኔ ወጥ ላማስል እንደሄድኩ ሁሉ ማድ ቤት ገብቼ ሳቁን ቆሜ ሰማሁት።

ስመለስ ሁለቱ ፈረንጆች ደህና ሆነው መንገዳቸውን ቀጥለዋል። ባሌ እንባውን እየጠረገ "ሞተሮቹስ ቆንጆ ናቸው። ግን ሰው አይጭኑም" አለኝ። እውነቱን ነው፤ ከኋላ ያለው ቦታ ሁሉ በዕቃ ተይዟል። "ይሄን ሁሉ አገር ዞረው አንድ ሰው እንኳን ሳይሸኙ ሊመለሱ ነው" አለ። ከልቡ አዘነላቸው።

በዚያው ዓመት የትምህርት ቤቶች ሱፐርቫይዘር ሆኜ ተመደብኩና አንድ ያረጀ ሞተር ተሰጠኝ። ብስክሌት እንኳን ነድቼ አላውቅም። አስገፍቼ ግቢ አስገባሁት። ባሌ ዞር ዞር ብሎ አየው፤ ጎማውን በክራንቹ መታ መታ አደረገውና "ውጪበት" አለኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እሱ በርጩማ ላይ፣ እኔ ሞተር ላይ፣ ግቢያችን ማሠልጠኛ ሆነ። ቁጡ አስተማሪ ነበር፤ እኔም ሰነፍ ተማሪ አልወድም ስል የኖርኩት ሴትዮ ሰነፍ ተማሪ ሆንኩ።

"ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለሽ ልቀቂ አላልኩሽም?"

"ለቀቅኩ እኮ!"

"ጎመኑ ላይ ነው የለቀቅሽው።"

እየለመድኩ ስመጣ አንድ ቀን "ይኸው ሰው የሚጭን ሞተር፤ ና ተፈናጠጥ" ብዬ ቀለድኩበት። ፊቱ ጠቆረ። "እኔ ዕቃ አይደለሁም" አለኝና ክራንቹን አንስቶ ወደ ቤት ገባ። የነካሁት ቁስሉን ነው። ከዚያ በኋላ አላነሳሁበትም።

ሥራ የምጀምርበት ቀን ማለዳው በጉም ተሸፍኗል። ከበራችን ፊት ያለው መንገድ እስከ ወንዙ ድረስ ጭው ያለ ቁልቁለት ነው፤ ቦንጋ ሜዳ ምን እንደሆነ አታውቅም። ሞተሩን አስነስቼ በሩ ላይ ቆምኩ። ማርሹን ግን አላስገባሁም። ባሌ ከውስጥ፣ መንገደኛ በማያየው በኩል፣ ከበሩ ጀርባ ቆሟል።

"ምን ሆንሽ?" አለኝ።

"ፈራሁ። ቁልቁለቱን ባየሁት ቁጥር የሚታየኝ ያንተ መውደቅ ነው" አልኩት።

ከዚያ ከበሩ ጀርባ ወጣ። መንገዱን ወደ ላይም ወደ ታችም አየና ክራንቹን አጥሩ ላይ አስደገፈው። ትከሻዬን ተደግፎ፣ የማይታጠፈውን እግሩን በእጁ አንስቶ ከኋላዬ ተቀመጠ። እግሩ ወደ ጎን እንደ አግዳሚ ቀጥ ብሎ ወጣ።

"በዚህ በኩል ግድግዳ እንዳታስጠጊኝ" አለ። "አንደኛ ማርሽ። የፊት ፍሬኑን አትንኪ። ሂጂ።"

ሄድኩ። ትንፋሹ አንገቴ ላይ፣ እጁ ወገቤ ላይ ነው። ወደ ገበያ የሚወጡ ሴቶች ለእግሩ መንገድ ይለቃሉ፤ ማንነቱን ሲያዩ ደግሞ ሸክማቸውን ይዘው ይቆማሉ። ድሮ ያፈናጥጣት የነበረች አንዲት ቅቤ ነጋዴ ጮክ ብላ "ዛሬ አንተ ተጫንክ?" አለችው። ሞተሩን አቆምኩ። አሁን መልሺኝ ይለኛል ብዬ ጠበቅኩ።

"አዎ፣ ተራዬ ደረሰ" አላት።

የሄድኩበት ትምህርት ቤት ዘበኛ ደግፎ አወረደው፤ ሥራዬን እስክጨርስ ደጃፉ ላይ ከእሱ ጋር ሲጨዋወት ዋለ። ወደ አመሻሹ ተመልሰን በራችን ላይ ሞተሩን አጥፍቼ እስኪወርድ ጠበቅኩት። አልወረደም።

"ቆይ እስኪ፣ ሰው ሰላም ልበል" አለኝ።

ከገበያ የሚመለሰው፣ ከቢሮ የሚወጣው ሁሉ እየቆመ ጨበጠው። ስለ ከብቶቻቸው ጠየቃቸው፤ ስለ እግሩ ጠየቁት፤ መለሰላቸው። እኔ መሪውን ይዤ፣ ሞተሩ እንዳይወድቅ በሁለት እግሬ ደግፌ፣ እንባዬ እየወረደ ወደ ፊት አያለሁ። ጉልበቴ ዝሎ ነበር። ግን ውረድ አላልኩትም።