የኢንገር ዓሦችና ያላነበብኩት ደብዳቤ

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት ሰኔ ላይ፣ እዚህ ኦስሎ፣ ቫይትቬት በሚባለው ሰፈራችን ነው። እስካሁን ለማንም አላወራሁትም። እናቴ እንኳ የምታውቀው ግማሹን ነው። ዓሦች በመሞታቸው ብቻ ቢሆን ኖሮ እስከ ዛሬ ይወጣልኝ ነበር።

ኖርዌይ የመጣሁት በስድስት ዓመቴ ስለሆነ ቋንቋው አያስቸግረኝም። ስለዚህ የሰፈሩ ሽማግሌዎች ደብዳቤ ሲመጣላቸው የሚያስነብቡት እኔን ነው። የኮሙኑም፣ ማለትም የማዘጋጃ ቤቱ፣ የሐኪም ቤቱም፣ የመብራቱም ወደ እኔ ይመጣል። እውነቱን ለመናገር ደስ ይለኝ ነበር። «የተባረከ ልጅ» ሲሉኝ ደረቴን እነፋለሁ።

ከእነሱ አንዱ ጋሽ ተስፋይ ናቸው። ኤርትራዊ ናቸው፤ ወጣትነታቸውን አዲስ አበባ ስላሳለፉ አማርኛቸው ከእኔ ይሻላል። ብዙ ዓመት በጽዳት ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። ትንሽ ጓሮ ያላት ቤት ውስጥ ብቻቸውን ይኖራሉ። ጎረቤታቸው ኢንገር የምትባል ኖርዌያዊት አሮጊት ነበረች። ጉልበቷ ሲደክም አመሩድ አካባቢ ወዳለ ሲከየም፣ ማለትም የአረጋውያን መጦሪያ ስትገባ፣ አምስት ዓሦቿን ለጋሽ ተስፋይ በአደራ ሰጠቻቸው። ኮይ የሚባሉ ለጌጥ የሚረቡ የካርፕ ዓሦች ናቸው፤ ቀይና ነጭ፣ አንዳንዱ እንደ ክንድ የረዘመ።

ጋሽ ተስፋይ ጓሯቸው ውስጥ ትልቅ ገንዳ አስቀምጠው ያዟቸው። እናቴ አንድ ቀን ቀልዳ፣ «ጋሼ፣ እነዚህ ለጥብስ አይሆኑም?» ብትላቸው ወር ሙሉ አኮረፏት። በየእሑዱ ዓሦቹን በስልካቸው ፎቶ አንስተው ለኢንገር ሊያሳዩ ይሄዳሉ። የጋራ ቋንቋቸው ከሃያ ቃል አይበልጥም፤ ግን አብረው ሲስቁ አይቻቸዋለሁ።

አንድ አርብ፣ ግሩነርሎካ የሚባል የከተማው ሰፈር ከጓደኞቼ ጋር ቀጠሮ ነበረኝና እየቸኮልኩ ስወጣ ጋሽ ተስፋይ በር ላይ ያዙኝ። ደብዳቤ ሰጡኝ። የላይኛውን ሁለት መስመር አየሁ፤ ስለ ዓሣና ስለ ደንብ የሚል ነገር አለው። ስልኬ ይጮኻል።

«ምንድን ነው የሚለው?»

«ምንም አይደል ጋሼ፣ ተራ ማስታወቂያ ነው። ለሁሉም ሰው የሚልኩት ነው።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«ያ፣ ያ» አልኳቸው፤ በኖርዌይኛ አዎ፣ አዎ ማለቴ ነው። በኋላ በደንብ አነበዋለሁ ብዬ ፎቶ አነሳሁት። አላነበብኩትም።

ወር ሳይሞላ ጋሽ ተስፋይ ሥራ ቦታ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ሁለት ሰዎች መጥተው ገንዳው ጋ ቆመዋል። የሚሉት አልገባኝም። ቶሎ ድረስልኝ።»

ስደርስ ደብዳቤውን የጻፈው መሥሪያ ቤት የላካቸው አንድ ወንድና አንዲት ሴት መረብና ክዳን ያለው ትልቅ ባልዲ ይዘው ቆመዋል። ሴትየዋ የደብዳቤውን ቅጂ ሰጠችኝ። ያን ጊዜ፣ እዚያው ቆሜ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አነበብኩት። እንዲህ ያለ ካርፕ ያለ ፈቃድ ከቤት ውጭ ማስቀመጥ ክልክል ነው ይላል። አምልጦ ከታች ያለው ጅረት ውስጥ ከገባ የአገሩን ዓሣ ይጎዳል። በሦስት ሳምንት ውስጥ ወይ ፈቃድ ጠይቁ፣ ወይ ቤት ውስጥ አስገብታችሁ አሳውቁን፤ አለበለዚያ እኛ መጥተን እናስወግዳለን። ልጅ እንኳ የሚረዳው ቋንቋ ነው።

ለመንኳቸው። ዛሬውኑ ቤት እናስገባቸዋለን አልኳት። ሴትየዋ ክፉ አልነበረችም። «አንድ መስመር መልስ ብትጽፉልን ቀን እንጨምርላችሁ ነበር» አለችኝ። «አሁን ውሳኔው ተወስኗል።»

«ምን አለች?» አሉ ጋሽ ተስፋይ።

ነገርኳቸው። «ደብዳቤው ላይ ነበር። እኔ... በደንብ አላነበብኩትም ጋሼ።»

ደብዳቤውን ከእጄ ወስደው አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ሰውዬው እጁን ወደ ውኃው ሲያስጠጋ፣ ምግብ የመጣ መስሏቸው አምስቱም አፋቸውን ከፍተው ወደ ላይ ወጡ። ጋሽ ተስፋይ ፊታቸውን አዞሩ። ሰዎቹ ዓሦቹን ባልዲው ውስጥ በመድኃኒት አደንዝዘው ገድለው ወሰዷቸው።

ማታ፣ «እሑድ አብረኸኝ ትሄዳለህ» አሉኝ። «ይህን ለኢንገር በእኔ ኖርዌይኛ ልነግራት አልችልም።»

እሑድ ሄድን። ኢንገር እንደ ልማዷ ስልካቸውን ለማየት እጇን ዘረጋች። ጋሽ ተስፋይ እጇን ያዙና በአማርኛ፣ «ሞቱ በላት» አሉኝ። አልኳት። ለምን እንደሆነ ጠየቀች። የሚሉትን እየጠበቅኩ አንገቴን ደፋሁ።

«ደብዳቤ መጥቶልኝ ነበር። ለማንም ሳላሳይ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ጥፋቱ የእኔ ነው በላት።»

ቀና ብዬ አየኋቸው።

«በላት» አሉ ቆጣ ብለው።

እኔም አልኳት። ቃል በቃል፣ አንድም ሳልጨምር ሳልቀንስ። ያን ቀን ጥሩ አስተርጓሚ ሆንኩ።

ኢንገር እጇን ቀስ ብላ ከእጃቸው አወጣች። «አንተን አምኜ ነበር» አለቻቸው። ያንንም ተረጎምኩላቸው።

ስንመለስ ባቡር ውስጥ፣ «ለምን ጋሼ?» አልኳቸው። መስኮቱን እያዩ ነበር። «እኔ እሑድን ነው ያጣሁት» አሉ። «ያንተ ነገር ቢሰማ ግን የሰፈሩ ሽማግሌ ሁሉ ደብዳቤውን ለማን ይሰጣል?»  ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ ቤታቸው ይውላሉ።

አሁን ደብዳቤ ሲሰጠኝ ከመጀመሪያው እስከ ፊርማው ድረስ ጮክ ብዬ አነባለሁ። «እንዴት ያለ ጠንቃቃ ልጅ ነው» ይሉኛል። በተባልኩ ቁጥር መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመኛለሁ።

ኢንገር አሁንም አመሩድ ናት። ከቤቴ በባቡር ሦስት ፌርማታ ነው። ዓመት አለፈው፤ እኔ አልሄድኩም። ይህንንም የጻፍኩት እሷ በማታነበው ቋንቋ ነው።